ሲለቁት የሚቆም ድሮን፦ ዲጄአይ ሚኒ 2 ኤስኢ በጀማሪ እጅ

ድሮን ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ምስሉ ስንት ሜጋ ፒክስል እንደሆነ፣ ቪዲዮው 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ይኑረው አይኑረው፣ ድሮኑ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ ማስታወቂያዎቹም የሚመልሱት እነዚህኑ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ስመርጥ ከዚህ የተለየ አልጠየቅሁም። ዛሬ ምክር የሚፈልግ ጀማሪ ሲያጋጥመኝ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ድሮኑ አየር ላይ እያለ አብራሪው ደንግጦ ጣቶቹን ከመቆጣጠሪያው ላይ ቢያነሣ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆም ድሮን ለጀማሪው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ነፋስ ወደወሰደው የሚንሳፈፍ ድሮን ግን ትንሿን ስሕተት በሰከንዶች ውስጥ ስብራት ያደርግበታል። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው ዲጄአይ የተባለው የድሮን አምራች የሠራውንና ለአንድ ዓመት ያህል ያበረርኩትን ሚኒ 2 ኤስኢን ቢሆንም፣ ወደ እርሱ ያደረሰኝን መንገድ ሳልናገር ጥቅሙን ማስረዳት ስለማልችል ከመጀመሪያው ስሕተቴ እጀምራለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ሳጥኑ ላይ በትልቁ «4ኬ» ተብሎ የተጻፈበት ርካሽ የመጫወቻ ድሮን ነበር። ጂፒኤስ የለውም፤ ወለሉን የሚያይ ካሜራም የለውም። ሞተሮቹ ብሩሽ ያላቸው፣ ቶሎ የሚያልቁ ትንንሽ ሞተሮች ሲሆኑ ባትሪው ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ቢያቆይ ነው። ቤት ውስጥ ሳስነሣው አንዴ ከግድግዳ፣ አንዴ ከመጋረጃ ጋር ሲታገል ከቆየ በኋላ በማግሥቱ ወደ ሜዳ ይዤው ወጣሁ። የነበረው ነፋስ ቅጠል እንኳ በቅጡ የሚነቀንቅ አልነበረም፤ ሆኖም ድሮኑ ከዛፎቹ አናት ከፍ እንዳለ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ወደ ራሴ ልመልሰው ስል ፊቱ ወደየት እንደዞረ ስለጠፋኝ ያዘዝኩት ሁሉ ይበልጥ አራቀው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከአንድ ጣሪያ ጀርባ ሲሰወር ነው። ስልኬ ላይ የቀረችውን አጭር ቪዲዮ መለስ ብዬ ስመለከታት 4ኬ ይቅርና የሰው ፊት እንኳ የማይለይባት ደብዛዛ ነበረች፤ ድሮኑ የጠፋው ግን በካሜራው ደካማነት ሳይሆን መቆም ስላልቻለ ነው።

ለምን መቆም እንዳቃተው ለመረዳት ባለ አራት ሞተር ድሮን እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ከአራቱ ፕሮፔለሮች ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ይሽከረከራሉ፤ በሰያፍ የሚተያዩት ደግሞ አንድ አቅጣጫ ይጋራሉ። አራቱም ወደ አንድ ወገን ቢዞሩ ኖሮ የድሮኑ አካል በተቃራኒው ወገን እንደ እንዝርት በሾረ ነበር። ድሮኑ ፊቱን ማዞር ሲፈልግ የአንዱን ጥንድ ፍጥነት ጨምሮ የሌላውን ይቀንሳል፤ ወደፊት መሄድ ሲፈልግ የኋላዎቹን አፍጥኖ አፍንጫውን ያዘቀዝቃል። መሽከርከሩንና የፍጥነት ለውጡን እየለኩ ሚዛኑን ያለማቋረጥ የሚያስተካክሉለት ጋይሮስኮፕና አክስለሮሜትር የተባሉ ሴንሰሮች በርካሹም በውዱም ድሮን ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ሚዛን መጠበቅና ቦታ መጠበቅ አንድ አይደሉም። ጋይሮስኮፕ ድሮኑ እንዳላዘነበለ ይነግረዋል እንጂ ከነፋሱ ጋር ሃያ ሜትር ወደ ጎን መንሸራተቱን አይነግረውም፤ ጀልባ ምንም ሳታዘነብል ወንዝ ቁልቁል እንደሚወስዳት ማለት ነው። ከፍታውን የአየር ግፊት ከሚለካው ባሮሜትር ያውቃል፤ ቦታውን ለማወቅ ግን ወይ ከሰማይ የጂፒኤስ ምልክት፣ ወይ ከሆዱ ሥር ወለሉን የሚመለከት ካሜራ ያስፈልገዋል። ለጀማሪ ድሮን መምረጥ ማለት በመሠረቱ ከእነዚህ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ያለውን መምረጥ ማለት ነው።

ወለሉን የሚያይ ካሜራ ብቻ ያለው ድሮን ምን እንደሚመስል ያየሁት ከዘመድ በተዋስኩት ቴሎ ነው። ራይዝ የተባለው ኩባንያ የዲጄአይን የበረራ ቴክኖሎጂ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ይህ ድሮን 80 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ በአንድ ባትሪ እስከ 13 ደቂቃ ይበራል፤ ባለ 5 ሜጋ ፒክስል ካሜራው በ720ፒ ጥራት ቪዲዮ ይቀርጻል። ጂፒኤስ ባይኖረውም ሆዱ ሥር ያለው ካሜራ የወለሉን መልክ እያነበበ ስለሚይዘው፣ በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ በላይ አቁመውት መቆጣጠሪያውን ቢያስቀምጡ ባለበት ይጠብቃል። ከሥሩ ጥለት ያለው ምንጣፍ ሲኖር ይበልጥ ይጸናል፤ በሚያብረቀርቅ አንድ ወጥ ወለል ላይ ወይም መብራቱ ሲደበዝዝ ግን ዓይኑን የሚጥልበት ምልክት ስለሚያጣ ይዋልላል። ስክራችና ፓይተን በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ትእዛዝ እየጻፉ ማብረር ስለሚቻል ለልጆች ማስተማሪያነትም ያገለግላል። የማልወድለት ነገር በስልክ ስክሪን ላይ ጣት እያንሸራተቱ ማብረሩን ነው፤ ጣት ከተሣለለት ክብ መውጣት አለመውጣቱ በመዳሰስ ስለማይታወቅ ዓይን ድሮኑን ትቶ ዘወትር ወደ ስልኩ ይሸሻል። ደጅ ሲወጣም ለስላሳ ነፋስ ያሸንፈዋል። ቤት ውስጥ ለመማር ግን ከእርሱ የሚታገሥ አላገኘሁም፤ ግድግዳ ነክቶ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይበራል።

ሚኒ 2 ኤስኢ ጂፒኤስም ወለሉን የሚያይ ካሜራም፣ ሁለቱም አሉት። ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2019 በማቪክ ሚኒ የጀመረው የትንንሽ ድሮኖች ቤተሰብ አባል ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። እጆቹ ሲታጠፉ 138 በ81 በ58 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን በአንድ መዳፍ ይያዛል፤ ክብደቱ 246 ግራም ነው። ሞተሮቹ ብሩሽ የሌላቸው በመሆናቸው እንደ መጫወቻው ድሮን በጥቂት ሳምንታት የሚደክሙ አይደሉም። አምራቹ በጂፒኤስ ብቻ ሲቆም ወደ ጎን እስከ 1.5 ሜትር፣ ወለሉን የሚያይበት ካሜራ ሲያግዘው ደግሞ እስከ 0.3 ሜትር ብቻ ወዲያና ወዲህ ሊል እንደሚችል ገልጿል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሜትር ያህል አስነሥቼው ጣቶቼን አነሣሁ፤ መሬት ላይ ካስቀመጥኩት ድንጋይ ትክክል ከላይ ሆኖ ለደቂቃዎች ሲጠብቀኝ፣ ከጣሪያው ጀርባ የቀረው አሮጌው ድሮን ትዝ አለኝ።

ክብደቱ ከ250 ግራም በታች እንዲሆን የተደረገው ለሕግ ሲባል ነው። በብዙ አገሮች የድሮን ደንብ ጥብቅ የሚሆነው ከዚህ መጠን ጀምሮ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ከ250 ግራም በታች የሆነና ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ድሮን መመዝገብ አይጠበቅበትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ድሮኑ ቀላል ቢሆንም ካሜራ ካለው አብራሪው መመዝገብ አለበት፤ ጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወሰኑን ወደ 100 ግራም አውርዳዋለች። ያለ ፈቃድ ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክሉም ስላሉ፣ ደንቡን መጠየቅ ያለበት ድሮኑ ከመገዛቱ በፊት እንጂ ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ አይደለም። የፕሮፔለር መከላከያ ቀለበት የገጠመ ሰውም ድሮኑ ከ250 ግራም እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት፤ ጀማሪ ለጥንቃቄ ብሎ የሚጨምረው ዕቃ ከሌላ የሕግ ክፍል ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ቀላል መሆን ግን ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ በተነሣው የፓሊሴድስ ሰደድ እሳት ላይ ውኃ ይረጭ የነበረ አውሮፕላን ከአንድ ትንሽ ድሮን ጋር ተጋጭቶ ክንፉ ተቀድዶ ለቀናት ከሥራ ወጥቷል። የድሮኑ አብራሪ እሳቱን ለማየት ብሎ ከ2,500 ሜትር በላይ አርቆት ነበር፤ በዚያ ርቀት አንድ መዳፍ የምታህል ድሮን በዓይን ልትታይ አትችልም። በአሜሪካም በአውሮፓም ለተራ አብራሪ የተፈቀደው ከፍታ ከመሬት 120 ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ድሮኑ ከዓይን እንዳይሰወርም የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የሚኒ 2 ኤስኢ ማስታወቂያ ግንኙነቱ ምንም መሰናክልና የሬዲዮ ሁካታ በሌለበት እስከ 10 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይናገራል። እኔ ይህን ቁጥር ጨርሶ ባላየው እመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም ድሮኑ 300 ሜትር ሲርቅ ነጥብ ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶም ፊቱ ወዴት እንደሆነ ማወቅ ያቅታል። ረጅም የግንኙነት ርቀት የሚጠቅመው አጠገብ ሲበር ምስሉ እንዳይቆራረጥ ነው።

መቆጣጠሪያው ስልኩን ከላይ በኩል ይይዛል፤ ሁለቱ ጆይስቲኮች ተፈትተው ከሥሩ ባሉት ቦታዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። በተለመደው አሠራር የግራው ጆይስቲክ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከፍታን፣ ወደ ጎን ሲገፋ የፊት አቅጣጫን ይለውጣል፤ የቀኙ ደግሞ ድሮኑን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነዳዋል። ይህ በአንድ ደቂቃ የሚገባ ነገር ነው፤ ድሮኑ ፊቱን ወደ አብራሪው እስኪያዞር ድረስ ማለቴ ነው። በዚያን ጊዜ ቀኝና ግራ ይገለበጣሉ፤ ድሮኑን ከዛፍ ለማሸሽ ወደ ቀኝ የገፋ ሰው ቀጥታ ወደ ዛፉ ይወስደዋል። የጀማሪ አደጋ አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ የእኔም የመጀመሪያው ድሮን የጠፋው ለዚሁ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ግራ ሲገባ ምንም አለመንካት ነው፤ ይህ የሚሠራው ድሮኑ መቆም የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሆነ ብሎ በዚያ አቅጣጫ መለማመድ ነው።

እኔ የተለማመድኩበት አካሄድ እንዲህ ነበር። ሰው፣ ሽቦና ዛፍ የሌለበት ሜዳ መርጬ፣ ድሮኑን ፊቱ ከእኔ ወደ ውጭ እንደሆነ አስቀምጬ ከአምስት ሜትር ያህል ርቀት አስነሣው ነበር። ከመሬት በግማሽ ሜትር ላይ ማቆየት ለጀማሪ የሚያባብል ቢመስልም ፕሮፔለሮቹ የሚገፉት አየር ከመሬት እየተመለሰ ስለሚያወዛውዘው፣ አሸዋና ሣርም ስለሚያስነሣ፣ ወደ ሦስት ሜትር ማውጣት ይሻላል። ከዚያ ፊቱን ሳላዞር አራት ማዕዘን ማስዞር፣ ቀጥሎ ፊቱን በየማዕዘኑ እያዞርኩ ያንኑ አራት ማዕዘን መድገም፣ በመጨረሻም ሁለቱን ጆይስቲኮች አንድ ላይ ተጠቅሜ የ8 ቁጥር ቅርጽ መሥራት። የ8 ቁጥሩ ሁለት ባትሪ ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ እርሱን ካለ ጭንቀት መሥራት ስጀምር ግን ፊቱ የትም ቢዞር ጣቶቼ ሳላስብ መታዘዝ ጀመሩ። ድሮኑ ሦስት የፍጥነት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን ዝግተኛው በሰከንድ 6 ሜትር፣ መደበኛው 10 ሜትር፣ ስፖርት የሚባለው 16 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ዝግተኛው ለቪዲዮ ቀራጮች የታሰበ ቢሆንም ለጀማሪ የመጀመሪያ ሳምንት የተሠራ ያህል ነው። ስፖርት ላይ ግን ጆይስቲኩ ከተለቀቀ በኋላም ድሮኑ ለመቆም ብዙ ሜትር ስለሚወስድ፣ ሲለቁት ይቆማል ያልኩት ነገር ሁሉ እዚያ ላይ በግማሽ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ድሮኑ ትልቁ ጉድለት ልምጣ። ሚኒ 2 ኤስኢ የት እንዳለ ያውቃል፤ አጠገቡ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ሴንሰሮቹ የሚያዩት ወደ ታች ብቻ ነው፤ ከፊቱ፣ ከኋላውና ከጎኑ ያለውን ዛፍ፣ ግድግዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያይበት ምንም ነገር የለውም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አንብቤ ነበር፤ የገባኝ ግን በሦስተኛው ወር ነው። ድሮኑ ራሱ ወደ ተነሣበት የሚመለስበት አሠራር አለው፤ አዝራሩ ሲጫን፣ ባትሪው ሲያንስ ወይም ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ አስቀድሞ ወደተመደበለት ከፍታ ይወጣና ቀጥታ መሥመር ይዞ ይመለሳል። ያን ቀን ከአንድ ገላጣ ኮረብታ ላይ ሳበር ቆይቼ፣ ሰፈር ስለውጥ የመመለሻውን ከፍታ ማስተካከል ረስቼ፣ ትልልቅ ባሕር ዛፎች ወደከበቡት ሜዳ ሄድኩ። አዝራሩን ስጫን ድሮኑ በታዘዘው መሠረት ሃያ ሜትር ላይ ሆኖ በልበ ሙሉነት መጣ፤ ዛፎቹ ግን ከሃያ ሜትር በላይ ነበሩ። ከቅርንጫፍ ላይ ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ፕሮፔለር ተሰብሮ፣ የአንድ እጁ ፕላስቲክ ተጭሮ፣ እንደ ዕድል ካሜራው ተርፎ አገኘሁት። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የድሮኑ አይደለም፤ የተነገረውን ፈጽሟል።

ከዚያ ወዲህ በየቦታው ባትሪ ከመጫኔ በፊት ዙሪያዬን ካለው ረጅሙ ነገር አሥር ወይም አሥራ አምስት ሜትር አስበልጬ የመመለሻውን ከፍታ እመድባለሁ። ሌሎች ሦስት ነገሮችም ከዚህ አሠራር ጋር አብረው መታወቅ አለባቸው። ድሮኑ የሚመለሰው ሲነሣ በጂፒኤስ ወደመዘገበው ቦታ ስለሆነ፣ በቂ ሳተላይት አግኝቶ የመመለሻው ነጥብ መመዝገቡን ስልኩ ላይ ያለው የድሮኑ አፕ እስኪናገር ድረስ ከመሬት መነሣት የለበትም፤ የሚቸኩል ሰው ድሮኑ ምልክቱን ያገኘበትን ሌላ ሥፍራ፣ ምናልባትም የኩሬ መሐል፣ ቤቱ አድርጎ ሊመዘግብለት ይችላል። እጅግ ቅርብ ሆኖ አዝራሩ ሲጫን ደግሞ ወደ ከፍታው ሳይወጣ ባለበት ከፍታ ሊመለስ ስለሚችል፣ በመሐል ዛፍ ካለ በእጅ መመለስ ይሻላል። ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግም አፑ ላይ ይመረጣል፦ መመለስ፣ ባለበት መቆም ወይም መውረድ። ድልድይ ወይም ጣሪያ ሥር የሚያበር ሰው «መመለስ» የሚለውን መርጦ ከሆነ ድሮኑ ወደ ላይ ተነሥቶ ጣሪያውን እንደሚመታ አስቀድሞ ይወቅ።

ነፋስን በተመለከተ አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር በሰከንድ 10.7 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ድሮኑ ሊቋቋመው የሚችለው እንጂ ጀማሪ ሊያበርበት የሚገባው ነፋስ አይደለም። ከመሬት አጠገብ ሳሩና ቁጥቋጦው ስለሚያዘገየው ነፋስ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይበረታል፤ ጉንጭ ላይ የማይሰማ አየር ስልሳ ሜትር ላይ ድሮኑን ሊያዘነብለው ይችላል። ድሮኑ መቆም ይችላል ስል የምለውም በዚህ ልክ ነው፤ ለመቆም ሲል ነፋሱን ሁልጊዜ ይገፋል፣ ሲገፋም ባትሪውን ይበላል። በነፋስ ታግዞ በሦስት ደቂቃ የሄደውን መንገድ ሲመለስ ስድስት ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት መሄድና በነፋሱ መመለስ ነው የሚገባው፤ ለነገሩ የጀማሪ እጅ የሚመርጠው ተቃራኒውን ነው፣ ምክንያቱም በነፋስ መሄድ ቀላል ሆኖ ይታያል።

የባትሪው ነገር ማስታወቂያው ላይ 31 ደቂቃ ነው። ይህ የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት፣ ባትሪው ተሟጥጦ እስኪያልቅ ድረስ ነው። እኔ በተለመደው አበራረሬ ከ22 ደቂቃ አላልፍም፤ 35 በመቶ ሲቀር መመለስ ስለምጀምር ማለት ነው። ብርድ የሊቲየም ባትሪን አቅም ስለሚቀንስ በቀዝቃዛ ማለዳ ባትሪውን ኪስ ውስጥ አሙቆ መጠቀም፣ ከተነሡም በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ዝቅ ብሎ ማቆየት ይጠቅማል። ከፍ ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ፕሮፔለሮቹ ይበልጥ መሽከርከር አለባቸው፤ ድሮኑ እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ እንዲነሣ ቢፈቀድለትም እዚያ የሚቆየው እንደ ቆላው አይደለም። ለሳምንታት የማይበር ከሆነ ባትሪውን ሙሉ ወይም ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ ያሳብጠዋል፤ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ያበጠ ባትሪ ምንም ቢያሳዝን አይሞላም፣ አይበርም። አንድ ባትሪ 17.32 ዋት ሰዓት ብቻ በመሆኑ አየር መንገዶች በአብዛኛው ከሚፈቅዱት የ100 ዋት ሰዓት ወሰን በብዙ ያንሳል፤ ይሁን እንጂ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ውስጥ እንጂ ከሚረከቡት ሻንጣ ጋር አይደለም።

ካሜራውን ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያስቀረሁት። ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ሲሆን ቪዲዮው 2.7ኬ በሰከንድ 30 ምስል ነው፤ በቀን ብርሃን ለስልክም ለቴሌቪዥንም የሚበቃ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፣ ሲመሽ ግን ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል። የምስሉ ውበት የሚመጣው ከጥራቱ ቁጥር ይልቅ ካሜራው ከተንጠለጠለበት ባለ ሦስት አቅጣጫ ጂምባል ነው፤ ድሮኑ በነፋስ ሲንገዳገድ እንኳ ምስሉ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። የጂምባሉን መሸፈኛ ሳያወልቁ ማብራት ሞተሮቹን ስለሚያስጨንቅ ከመነሣት በፊት የሚታይ የመጀመሪያው ነገር እርሱ መሆን አለበት። ድሮኑ በራሱ የሚቀርጻቸው አጫጭር የበረራ ቅርጾችም አሉት፤ ወደኋላ እየራቀ መውጣት፣ መዞርና የመሳሰሉት። ሰውን እየተከተለ መቅረጽ ግን አይችልም።

ፕሮፔለር መቀየር ትንሽ የሚያሰለች ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል የሚታሰረው በትንንሽ ብሎን ስለሆነ አብሮ የሚመጣው መፍቻ ከጠፋ ችግር ነው። ምልክት ያለባቸው ፕሮፔለሮች ምልክት ባለባቸው እጆች ላይ፣ ምልክት የሌለባቸው በቀሩት ላይ ይገጠማሉ። ይህን ያቀያየረ ሰው ድሮኑ ገና ከመሬት ሳይላቀቅ ይገለበጥበታል። እኔ ከዛፉ አደጋ በኋላ ይህንንም ስሕተት ሠርቼው ስላየሁ በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ሌሎች የዲጄአይ አማራጮች ሲታዩ፣ ሚኒ 4ኬ የሚባለው በአካሉም በበረራውም የዚሁ ወንድም ሆኖ ቪዲዮው 4ኬ ነው፤ እርሱም ዙሪያውን አያይም። ኒዮ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሲሆን 135 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ከመዳፍ ላይ ይነሣል፣ ፕሮፔለሮቹም ከነመከላከያቸው ናቸው፤ ሆኖም በአንድ ባትሪ 18 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚበርና ነፋስም ቶሎ ስለሚያሸንፈው፣ ራሱን እየቀረጸ ለሚጓዝ እንጂ ማብረር መማር ለሚፈልግ አልመርጠውም። ሚኒ 4 ፕሮ ግን ከ249 ግራም ሳያልፍ በሁሉም አቅጣጫ መሰናክል የሚያዩ ሴንሰሮች አሉት። የእኔን ዓይነት የዛፍ አደጋ ይከላከላል ማለት ነው፤ ቀጫጭን ሽቦና ራቁት ቅርንጫፍ ግን እነዚያም ሴንሰሮች ሊስቱት ይችላሉ። አቅሙ ያለው ሰው እርሱን ቢገዛ አልቃወምም፤ ቢሆንም ማሽኑ እያየልኝ ነው ብሎ ዓይኑን የሚያሳርፍ ጀማሪ በማያይ ድሮን ከሚጠነቀቅ ጀማሪ ቀድሞ የሚጋጭ ይመስለኛል።

ሚኒ 2 ኤስኢን ከሌላ ሰው እጅ ለመግዛት የሚያስብ ካለ፣ አፑ ላይ ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላ ማየት፣ ባትሪውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ እብጠት እንደሌለው መመልከት፣ አራቱን እጆች እያጠፉና እየዘረጉ የላላ መገጣጠሚያ መፈለግ፣ ጂምባሉም ሲበራ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሻጩን ደጅ አውጥቶ፣ ከብረት አጥርና ከመኪና ርቆ፣ ሦስት ሜትር ያህል እንዲያስነሣውና እጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ እንዲያነሣ ይጠይቀው። ከሥሩ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጎ ለሁለት ደቂቃ ይመልከት። ድሮኑ በዚያ ድንጋይ ዙሪያ ሰፊ ክብ እየሠራ መዞር ከጀመረ ኮምፓሱ እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል፤ ተስተካክሎም ከደገመው፣ የካሜራው ምስል የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይግዛው።